ክምችቱ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ለአንድ ትልቅ መገጣጠሚያ ፋብሪካ የፕላስቲክ ክፍሎችን በሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የምርት ኃላፊ ናቸው። እስካሁን የሚያስረክቡት በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ነበር። አሁን ደንበኛቸው በሰዓቱ የማምረት ሥርዓት፣ በተለመደው አጠራሩ ጀስት ኢን ታይም፣ ልጀምር ነውና ከእንግዲህ በየቀኑ፣ በቀንም አራት ጊዜ፣ የሚበቃኝን ያህል ብቻ ታመጣላችሁ ብሏቸዋል። «ይህ ነገር በእኛና በደንበኛችን መካከል ያለውን ግንኙነት ምን ያደርገዋል? ከእንግዲህ አጋር ናችሁ እየተባልን ነው፤ ለእኔ ግን ሸክሙን ወደ እኛ ማዞር ሆኖ ነው የሚታየኝ» ይላሉ።

ጥርጣሬዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተባላችሁትም እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም አይቻለሁ። በምርት ዕቅድና በግዥ ሥራ ላይ ብዙ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ከፊሉን ከአቅራቢ ወገን፣ ከፊሉን ከገዢ ወገን ተቀምጬ። ወንበሩ ሲቀየር አመለካከቱም እንዴት እንደሚቀየር በራሴ ላይ ስላየሁት አልፈርድም።

መጀመሪያ ክምችት ምን ሥራ እንደሚሠራ እንነጋገር። ብዙ ሰው የታሰረ ገንዘብ አድርጎ ያየዋል፤ ነውም። በሁለት ድርጅቶች መካከል የተቀመጠ ክምችት ግን ሌላም ሥራ አለው፤ ሳይተዋወቁ አብረው እንዲሠሩ ያስችላቸዋል። በደንበኛችሁ መጋዘን ውስጥ የአሥር ቀን ዕቃ ተደርድሮ ሳለ የእናንተ ማሽን ቢሰበር ደንበኛው አይሰማም። የፕላስቲክ መቅረጫችሁ፣ ማለትም ሞልዱ፣ ተበልቶ ጠርዙ የሻከረ ምርት ቢወጣ፣ መስመር ላይ ያለው ሠራተኛ ሻካራውን ወደ ጎን ወርውሮ ከካርቶኑ ሌላ ያነሳል። እነሱም በሳምንት ሦስት ጊዜ ዕቅዳቸውን ቢለዋውጡ እናንተ አታውቁም፤ መደርደሪያው ውጦ ያስቀረዋል። የእነሱ ግዥ ሠራተኛና የእናንተ ሽያጭ ሠራተኛ በዓመት አንዴ በዋጋ ይጨቃጨቃሉ፤ ከዚያ ውጭ ማንም የማንንም ጓዳ አያውቅም።

መደርደሪያው ሲነሳ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። የእናንተ የማሽን ብልሽት የእነሱ መስመር መቆም ይሆናል። የእነሱ ዕቅድ መዋዠቅ የእናንተ የሌሊት ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ክምችቱ በወጣበት ቦታ አንድ ነገር መግባቱ አይቀርም። ወይ መረጃ፣ የረጋ ዕቅድና እርስ በርስ መተማመን ይገባል፤ ወይ ያው ክምችት አድራሻ ቀይሮ በሌላ ሰው መጋዘን ውስጥ ይደበቃል። እንግዲህ የእናንተ ጉዳይ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው የሚያስፈልገው።

ለዚህ ሥርዓቱ የተወለደበትን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምረው ነው የሚያነቡት። ዓመታቱን፣ ወራቱንና ቀኖቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። የጃፓኑ መኪና አምራች ቶዮታ መሥራች ኪይቺሮ ቶዮዳ በ1938 በኮሮሞ ከተማ የመኪና ፋብሪካውን ሲከፍት የሚያስፈልገው ዕቃ በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ይቅረብ የሚለው ሐሳብ ነበረው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠው። በ1950 ደግሞ ቶዮታ ከኪሳራ አፋፍ ደርሶ፣ ሠራተኛ ቀንሶ፣ በሥራ ማቆም አድማ ተናውጦ፣ ኪይቺሮ ራሱ ከኃላፊነቱ ለቀቀ። ሐሳቡን ከተቀበረበት አንስቶ በማሽን ክፍል ውስጥ መሞከር የጀመረው የኩባንያው ባልደረባ ታይቺ ኦኖ ነው። በዚያ ዘመን ኩባንያው መጋዘን ሙሉ ዕቃ ገዝቶ የሚያስቀምጥበት ገንዘብ አልነበረውም። ዛሬ በሥልጠና አዳራሽ እንደ ጥበብ የሚቀርበው ነገር ሲወለድ የቸገረው ሰው መላ ነበር።

ኦኖ የተዋሰው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው። ገበያተኛው ከመደርደሪያ የወሰደውን ያህል ብቻ ይተካል፤ ያልተወሰደ አይተካም። ካንባን የሚባለው ካርድ ይህንኑ ወደ ፋብሪካ ያመጣ ነው። ከሳጥኑ ጋር የሚሄድ ትንሽ ወረቀት ነው፤ የክፍሉ ቁጥር፣ በአንድ ሳጥን ስንት እንደሚገባ፣ ከየት ተነስቶ ወደ የትኛው መደርደሪያ እንደሚሄድ ተጽፎበታል። ሠራተኛው ከአዲስ ሳጥን የመጀመሪያዋን ፍሬ ሲያነሳ ካርዱን አውጥቶ በተመደበለት ሣጥን ውስጥ ይጥለዋል። ካርዱ ወደ አቅራቢው ይመለሳል፤ አቅራቢውም በተመለሱት ካርዶች ልክ ያመርታል። ካርድ ካልተመለሰ ማምረትም ማድረስም የለም። አንድ ዕቃ በስንት ቁጥር በፋብሪካው ውስጥ እንደሚዘዋወር የሚወስነው የካርዱ ብዛት ነው፤ ካርድ ሲቀነስ ክምችት ይቀንሳል፤ ተሸፍኖ የነበረውም ችግር ይወጣል።

ከዚህ ታሪክ ለእናንተ የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ነው። ካንባን የቶዮታን የራሱን ፋብሪካዎች ሁሉ ያዳረሰው በ1962 ነው። ከውጭ የሚገዙ ክፍሎችን በካንባን ማዘዝ የተጀመረው ደግሞ በ1965። እንግዲህ አቅራቢዎችን በካርድ አምጡ ከማለቱ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ የራሱን ቤት ሲጠርግ ቆይቷል። የእናንተ ደንበኛ ይህን ሥራ ሠርቷል ወይስ የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ቀድዶ ነው የላከላችሁ? በአንድ ጉብኝት ይታወቃል። መገጣጠሚያ መስመሩ አጠገብ ሂዱና ቁሙ። በመሥሪያ ቦታዎቹ መካከል ያላለቀ ሥራ ተከምሮ ካያችሁ፣ ጠዋት ሰው ሥራ ፈትቶ ከሰዓት በኋላ የሚሯሯጥ ከሆነ፣ ገና አልጀመሩም። መቆጠብ የፈለጉት የመጋዘን ኪራይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ቤት እንግባ። ደንበኛው ከአንዱ ክፍል በቀን 400 ይጠቀማል እንበል። በየሁለት ሳምንቱ ስታስረክቡ በአሥር የሥራ ቀን 4,000 አምርታችሁ ትገላገሉ ነበር። በቀን አራት ጊዜ ሲባል አንዱ ጭነት 100 ነው። ሥራችሁን የሚወስነው እንግዲህ ሞልድ ለመቀየር የሚፈጅባችሁ ጊዜ ይሆናል። በአንድ ማሽን ላይ ስድስት ዓይነት ክፍል ታመርታላችሁ፣ ሞልድ አውርዶ ሌላ ሰቅሎ የመጀመሪያውን ጥሩ ምርት እስክታወጡ ሦስት ሰዓት ይወስዳል ብንል፣ ስድስቱንም በየቀኑ ለማምረት 18 ሰዓት በቅያሪ ብቻ ያልቃል። ማምረቻ ጊዜ የለም። ቅያሪው አሥር ደቂቃ ቢሆን ግን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ በየቀኑ ሁሉንም ማምረት ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ችግር ቶዮታም ተጋፍጦታል። የምርት አማካሪው ሺጌዮ ሺንጎ በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የአንድ ሺህ ቶን ፕሬስ ማሽን ቅያሪን ከአራት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ወደ ሦስት ደቂቃ እንዳወረደው ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የተጠቀመበት ዘዴ ተአምር የለውም፤ ማሽኑ ሳይቆም ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ ማሽኑ ሳይቆም መሥራት ነው። የሚቀጥለውን ሞልድ ቀድሞ ማሞቅ፣ ቁልፎቹን በተራ ደርድሮ ማስቀመጥ፣ በአሥር ብሎን ፈንታ በአንድ እጀታ የሚታሰር ማሰሪያ መግጠም። እዚህ ላይ ያለው የግንኙነት ጥያቄ ግን ይህን ማን ያስተምራችኋል፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። ቶዮታ ባለሙያዎቹን ወደ አቅራቢዎቹ ፋብሪካ እየላከ ለሳምንታት አብረው እንዲሠሩ ያደርግ ነበር፤ አሁንም ያደርጋል። በ1992 በአሜሪካ ያቋቋመው የአቅራቢዎች ድጋፍ ማዕከልም ለዚሁ ነው። «በቀን አራት ጊዜ አምጡ» ከሚለው ደብዳቤ ጋር እንዲህ ዓይነት ሰው ካልመጣ፣ እናንተ የምታደርጉትን እኔ ልንገርዎ፤ 4,000 ታመርታላችሁ፣ 100 ታስረክባላችሁ፣ 3,900 ጓሮ ታስቀምጣላችሁ።

ቀልዴን አይደለም። በገዢ ወገን ሳለሁ የአንድ አቅራቢያችንን ፋብሪካ ልጎበኝ ሄጄ ነበር። በአቅርቦቱ የምንኮራበት፣ ለሌሎች እንደ ምሳሌ የምንጠቅሰው ድርጅት ነበር፤ አንድም ጊዜ ዘግይቶ አያውቅም። ሻይ ከጠጣን በኋላ የመጸዳጃ ቤቱን በር ስቼ በጓሮ ወጣሁ። የቆርቆሮ መጋዘን፣ በሸራ የተሸፈነ ካርቶን እስከ ጣሪያው። ካርቶኖቹ ላይ የእኛ ድርጅት የክፍል ቁጥር ታትሟል። ከቀኖቹ ማኅተም አንጻር የሦስት ሳምንት ምርት ይሆናል። ባለቤቱ ከኋላዬ መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ምንም አላሉም። የኪራዩ ዋጋ በእኛ ዋጋ ውስጥ እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ለአለቆቻችን «ክምችት ቀንሰናል» ብለን ሪፖርት አቅርበን ተጨብጭቦልን ነበር።

ይህን ካርቶን የሚከምረው የሞልድ ቅያሪ ብቻ አይደለም። ከእሱ የባሰው የደንበኛው ዕቅድ መዋዠቅ ነው። ካንባን ትንሽ መዋዠቅን ይችላል፤ ትልቅ አይችልም። ቶዮታ ለዚህ ሲል የራሱን የመገጣጠም ቅደም ተከተል አስተካክሎ ያሰልፋል፤ ጠዋት ነጩን ሁሉ፣ ከሰዓት ጥቁሩን ሁሉ አይገጣጥምም፤ ቀኑን ሙሉ እያፈራረቀ ይገጣጥማል። ስለዚህ ነጭ ክፍል የሚያቀርበው ሰው በየሰዓቱ የተመጠነ ፍላጎት ይደርሰዋል። ከዚህም በላይ የመጪውን ወር ዕቅድ ከተከታዮቹ ሁለት ወራት ግምት ጋር አስቀድሞ ለአቅራቢዎቹ ይሰጣል። ካርዱ የሚሠራው በዚህ በተስተካከለ ሜዳ ላይ ነው፤ የየሰዓቱን ትንሽ ልዩነት ያርማል እንጂ ዕቅድን አይተካም።

መስመሩ ላይ ያለች ትንሽ ለውጥ ወደ ኋላ በሄደች ቁጥር እየገዘፈች እንደምትሄድ የአቅርቦት ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ሻጩ በአምስት ይጨምራል፣ ገጣጣሚው በአሥር፣ የእናንተ ዓይነቱ አቅራቢ በሃያ፣ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ሻጩ ግራ ይገባዋል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ክምችት በየደረጃው በነበረበት ጊዜ ይህ ማዕበል በየመጋዘኑ ይበርድ ነበር፤ መጋዘን በሌለበት ደግሞ ማዕበሉን ማብረድ የሚችለው ምንጩ ላይ ያለው ሰው፣ ማለትም ደንበኛችሁ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ ቢሉኝ «ዕቅዳችሁ ከስንት ቀን በፊት ይቆለፋል?» ብዬ የምጠይቀው። አምስት ቀን ቢሉ እሰየው፤ ሦስት ቀንም ያስኬዳል። «እንደ ሁኔታው» ከተባለ ግን የምትገቡበት ሥርዓት ጀስት ኢን ታይም አይደለም፤ ስም የወጣለት ጥድፊያ ነው።

ጥራት ላይ ያለውን ለውጥ ባጭሩ ልለፈው፤ በዚህ ረገድ ብዙ ክርክር የለምና። የገቢ ዕቃ ምርመራ ይቀራል። አንድ ሰዓት ብቻ ቀድሞ የደረሰን ሳጥን ማን ከፍቶ ይመረምራል? ስለዚህ ደንበኛው ምርታችሁን ከመፈተሽ ይልቅ አሠራራችሁን መፈተሽ ይጀምራል። መሐንዲሶቹ ወደ ማሽናችሁ ይመጣሉ፤ የሙቀት መዝገባችሁን፣ የሞልድ ጥገና ደብተራችሁን ይጠይቃሉ። ጥሩ ነው፤ ብዙ ትማራላችሁ። ነገር ግን ማሽንን አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው ወጪንም ያያል። አንድ ፍሬ በስንት ሰከንድ እንደሚወጣ፣ ስንት ሰው እንደሚቆምበት፣ ምን ያህል ብክነት እንዳለ ቆጥሮ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው የዋጋ ድርድር ያ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ገመናን የሚያሳዩት ለሚያምኑት ነው፤ በዚህ ሥርዓት ግን ማሳየቱ ይቀድማል፣ መታመኑ ኋላ ይመጣል ወይም አይመጣም።

መጣ አልመጣም የሚለውን ሁለት የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች በአንድ ዘመን በተቃራኒ መንገድ አሳይተዋል። ክራይስለር በ1989 ወደ 2,500 የሚጠጉ አቅራቢዎች ነበሩት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 1,140 አወረዳቸው። የቀሩትን ግን ረዘም ያለ ውል ሰጣቸው፣ ገና ከንድፉ ጀምሮ አስገባቸው፣ ወጪ የሚቀንስ ሐሳብ ያመጣ አቅራቢም ከሚገኘው ጥቅም ድርሻ እንዲያገኝ አደረገ። እስከ 1995 መጨረሻ ከ5,300 በላይ ሐሳቦች ሥራ ላይ ውለው በዓመት ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማዳናቸው ተመዝግቧል። በዚያው ሰሞን፣ በ1992፣ የጄኔራል ሞተርስን የግዥ ሥራ የያዘው ሆዜ ኢግናሲዮ ሎፔዝ ነባር ውሎችን እየቀደደ አቅራቢዎችን ለተደጋጋሚ ጨረታ ያሰልፍ ነበር። ገንዘቡ በፍጥነት ዳነ፤ ሎፔዝም በ1993 ወደ ፎልክስቫገን ሄደ። ከዚያ በኋላ ብዙ አቅራቢዎች አዲስ ሐሳባቸውን ይዘው መጀመሪያ ወደ ጄኔራል ሞተርስ መሄድ አቆሙ። ከተፎካካሪ እጅ ገብቶ በርካሽ ሊቀዳ እንደሚችል ያየ ሰው ንድፉን ምን ብሎ ያሳያል?

የክራይስለር ታሪክ እዚያ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ከዳይምለር ቤንዝ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ኪሳራ መጣ፤ በታኅሣሥ 2000 አቅራቢዎች ከጥር 1 ጀምሮ ዋጋቸውን በአምስት በመቶ እንዲቀንሱ ተጠየቁ። የተሰጣቸው ሳምንታት ብቻ ነው። አሥር ዓመት የተገነባው ግንኙነት በአንድ ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚናድ ከዚያ ወዲያ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ ፈልጌ አላውቅም።

ጥገኝነቱ ግን ወደ ሁለቱም ወገን እንደሚሄድ አይርሱ። ይህ አቅራቢዎች አዘውትረው የሚዘነጉት ነገር ነው። ቅዳሜ የካቲት 1 ቀን 1997 ንጋት ላይ በጃፓን ካሪያ ከተማ የሚገኘው የአይሺን ፋብሪካ ተቃጠለ። ፋብሪካው ለቶዮታ ከሚሠራቸው ክፍሎች አንዱ የፍሬን ቫልቭ ነበር፤ በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ ዋጋውም እዚህ ግባ የማይባል፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት የሚመጥን። ቶዮታ ይህን ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ከአይሺን ብቻ ነበር የሚገዛው፤ በቀን ከ30,000 በላይ። በእጁ የነበረው የሰዓታት ክምችት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ በጃፓን ያሉት ፋብሪካዎቹ አብዛኞቹ ቆሙ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው በሙያው ሰው አፍ የቀረው። አይሺን ንድፉን በፋክስ ለጠየቀ ሁሉ ላከ። ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ድርጅቶች ሥራውን ተካፈሉ፤ ከስድሳ በላይ የሆኑት ራሳቸው ቫልቭ ማምረት ጀመሩ። ከእነሱ አንዱ በልብስ ስፌት ማሽን የሚታወቀው ብራዘር ነው፤ የመኪና ክፍል ሠርቶ አያውቅም። የአይሺን ልዩ ማሽኖች ስለተቃጠሉ እያንዳንዱ ባለው ጠቅላላ ማሽን ላይ በራሱ መንገድ መሥራት ነበረበት፤ ያንንም ከአይሺን መሐንዲሶች ጋር ሌት ተቀን በስልክ እየተጠያየቀ። አራት ቀን ሳይሞላ የመጀመሪያዎቹ ቫልቮች መጡ፤ በሳምንት ውስጥ ፋብሪካዎቹ መነሳት ጀመሩ። ሥራው ሲጀመር ዋጋ አልተነገረም፣ ውል አልተፈረመም፤ «ስንት ትከፍሉናላችሁ» የሚለው ጥያቄ ለኋላ ተቀመጠ። በኋላ አይሺን ወጪውን ከፈለ። ቶዮታ ደግሞ ለዋና ዋና አቅራቢዎቹ የዚያን ሩብ ዓመት ሽያጫቸውን አንድ በመቶ በምስጋና ጨመረላቸው፤ በድምሩ ከ15 ቢሊዮን የን በላይ።

ይህን ከነሐሴ 2016 ጋር ያነጻጽሩት። የፕሪቬንት ግሩፕ አካል የሆኑ ሁለት አቅራቢዎች በተሰረዘ ውል የተነሳ ከፎልክስቫገን ጋር ተጣልተው የወንበር ጨርቅና የማርሽ ሣጥን ክፍሎች ማስረከብ አቆሙ። በጀርመን ቮልፍስቡርግ የጎልፍ መኪና ምርት ቆመ፤ በበርካታ ፋብሪካዎች ወደ 28,000 ሠራተኞች ተነኩ። ጉዳዩ የተፈታው ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሶ፣ ከሌሊት ድርድር በኋላ ነው። ክምችት ያለመያዝ ሥርዓቱ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ አንድ አቅራቢ ሲጎድል ግዙፉ ይቆማል። አንዱ ጋር ሁለት መቶ ድርጅት ዋጋ ሳይጠይቅ ተረባረበ፤ ሌላው ጋር አቅራቢው ራሱ ቧንቧውን ዘጋ። ልዩነቱ ከእሳቱ ወይም ከጠቡ በፊት በነበሩት ዓመታት የተሠራ ነው።

ትንሽ ነኝ ብለው ራስዎን እንዳያቃልሉም አንድ ልጨምር። በየካቲት 2022 ኮጂማ የተባለ፣ እንደ እናንተ የፕላስቲክ ክፍሎችን ለቶዮታ የሚያቀርብ ድርጅት ኮምፒውተሮቹ በጥቃት ተመቱ። መረጃ መለዋወጥ ስላልተቻለ ቶዮታ መጋቢት 1 ቀን በጃፓን ያሉትን 14 ፋብሪካዎቹን በሙሉ ለአንድ ቀን ዘጋ። የቀረው ምርት ወደ 13,000 መኪና ይጠጋል። ማሽኑም ሠራተኛውም ደህና ነበር፤ የተቋረጠው መረጃው ነው። በሰዓቱ ማምረት ሲባል ዕቃ ብቻ የሚመላለስ የሚመስለው ሰው ይህን ቀን ያስብ።

ክምችት ጭራሽ አይኑር የሚል ሰው ቢገጥምዎ ደግሞ ቶዮታ ራሱ እንደማይለው ይንገሩት። ከመጋቢት 2011 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ኩባንያው የአቅራቢዎቹን አቅራቢዎች እስከ ታችኛው እርከን ድረስ መዝግቦ፣ ለመተካት ረጅም ጊዜ የሚፈጁትን ለየ። ከነዚህ መካከል የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ነበር፤ አቅራቢዎቹ እንደየዓይነቱ የሁለት ወር እስከ ስድስት ወር ክምችት እንዲይዙ አደረገ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ቺፕ ጠፍቶ ሌሎች መስመራቸውን ሲዘጉ ቶዮታ ለወራት የተሻለ የቆየው በዚህ ነው። በተቃራኒው ግዙፍና በቀለም በዓይነት የሚለያየው የመኪና ወንበር በሰዓታት ልዩነት ነው የሚቀርበው። ቀለም የተቀባው አካል ወደ መገጣጠሚያ ሲገባ ምልክት ወደ ወንበር ፋብሪካው ይሄዳል፤ ወንበሮቹ በመኪኖቹ ተራ ይሠራሉ፣ መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ እንዲገባ ተደርጎ ወደ ጭነት መኪናው ይጫናሉ። ለምን ያህል ጊዜ የሚበቃ ዕቃ ይያዝ የሚለው መልስ እንግዲህ እንደ ዕቃው ይለያያል። የእናንተ ክፍሎች ትንንሽና ዓይነታቸው ጥቂት ከሆነ በቀን አራት ጊዜ የሚለው ራሱ ትርጉም የለውም፤ ለነዳጅ ብቻ ታወጣላችሁ። በአቅራቢያችሁ ያሉ ሌሎች አቅራቢዎችን እየዞረ የሚሰበስብ አንድ መኪና ደንበኛው ራሱ ቢልክ ይሻላል፤ ይህ የተለመደ አሠራር ነው፤ ይጠይቁት።

የገንዘቡን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚያናድደኝ ነው። ዕቃ በሰዓት፣ ክፍያ በዘጠና ቀን! የኮምፒውተር አምራቹ ዴል በከፍተኛ ዝናው ዘመን የሰዓታት ክምችት ብቻ ይዞ እንደሚሠራ ይወራለት ነበር። አቅራቢዎቹ ግን ከፋብሪካው አጠገብ ባሉ መጋዘኖች ዕቃቸውን ያከማቹ ነበር፤ ዕቃው መስመሩ ላይ እስኪፈለግ ድረስ የአቅራቢው ንብረት ነው። ለዴል የሂሳብ መዝገብ ያማረ ሥራ ነው። በጃፓን እንኳ ትንንሽ አቅራቢዎችን ከትልልቆቹ የሚጠብቅ ሕግ ከ1956 ጀምሮ አለ፣ ክፍያም ከ60 ቀን እንዳያልፍ ይገድባል፤ ሕጉም ስላለ ነገሩ ቀረ ማለት አይደለም። በመጋቢት 2024 የአገሪቱ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ ኒሳን ከ36 አቅራቢዎቹ ክፍያ ላይ ያለ አግባብ ወደ ሦስት ቢሊዮን የን ቀንሷል ብሎ በይፋ አስጠንቅቆታል። ስለዚህ «ጃፓኖች እንዲህ ይሠራሉ» ሲባሉ፣ ጃፓኖች ምን ሕግ እንዳላቸውም ጨምረው ይንገሯቸው።

ለእናንተ የምመክረው እንግዲህ እምቢ በሉ አይደለም። እምቢ ያለ በሌላ ይተካል። ደግሞም በደንብ ከተሠራ ትጠቀማላችሁ፤ ብክነታችሁ ይቀንሳል፣ ሞልድ በደቂቃዎች መቀየር ስትችሉ ለሌላ ደንበኛም ተፈላጊ ትሆናላችሁ፣ ደንበኛውም በቀላሉ አይተዋችሁም። ነገር ግን ውሉ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ዓመት ይሁን፤ ለአንድ ዓመት ውል ብሎ ሞልድና ማሽን የሚያሻሽል የለም። ዕቅድ የሚቆለፍበት ቀን በጽሑፍ ይግባ፤ ከተቆለፈ በኋላ ለሚደረግ ለውጥ የሚከፈል ዋጋም እንዲሁ። መስመር ብታስቆሙ ቅጣት እንዳለ ይነግሯችኋል፤ እነሱ ያዘዙትን ቢሰርዙ ያመረታችሁትን እንደሚወስዱም በዚያው አንቀጽ ይጻፍ። በወጪ ቅነሳ የሚገኘው ጥቅም እንዴት እንደሚካፈል ሳይጻፍ የወጪ መዝገባችሁን አትክፈቱ። ክፍያውም ከርክክቡ ጋር ይቀራረብ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ክፍል አትግቡበት፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ማሽን፣ ሦስት ወር ይሞከር።

ወደ ስብሰባው ሲሄዱ አንድ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ያለፉት ሦስት ወራት ትዕዛዞች በአንድ ረድፍ፣ ከትዕዛዙ በኋላ የመጡት ለውጦች በሌላ ረድፍ፣ ለውጡ ከማስረከቢያው ስንት ሰዓት በፊት እንደደረሳችሁ በሦስተኛው። አስተያየት አይጻፉበት፤ ቁጥሩ ይበቃል። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡትና ዝም ይበሉ። የግዥ ኃላፊው አይቶት የምርት ዕቅድ ኃላፊያቸውን ካስጠራ፣ ሥራ ተጀምሯል፤ አብራችሁ ተቀመጡ። አጥፎ ፋይል ውስጥ ከከተተው ግን ሲወጡ በመንገድዎ የመጋዘን ኪራይ ዋጋ ይጠይቁና ከዚያ በኋላ የራሳችሁን ዋጋ አስቡ።